ከሙሉ ፊልም 3 ደቂቃ፦ ለርዕሳነ መምህራንና ለእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት ርዕሳነ መምህራን፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪዎችና የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች፤

ፈተና ካለቀ በኋላ ወይም መምህር በቀረ ቀን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ፊልም መክፈት የተለመደ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ፊልሙ ይጀመራል፣ ደወል ሲደወል ይቋረጣል። በማግስቱ ግማሹ ተማሪ የት ላይ እንደቆመ ረስቶታል፤ ሌላው ደግሞ ቤቱ ጨርሶት መጥቶ መጨረሻውን ለጓደኞቹ ይናገራል። ይህን የታዘቡ አንዳንድ ኃላፊዎች ፊልምን ጊዜ ማባከኛ ብለው ጭራሽ ከልክለዋል። ዝም ብሎ ማሳየቱም ሆነ መከልከሉ የሚነሳው ፊልምን እንደ መዝናኛ ብቻ ከመቁጠር ነው።

የምንጠይቃችሁ ፊልም እንደ ምንባብ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ነው። ሙሉው ፊልም ሳይሆን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ የሚሆን ቅንጭብ ይበቃል። ቅንጭቡ የሚናገረውንም ተማሪዎች በእንግሊዝኛ እየመረመሩ እውነትነቱን ይፈትኑት።

መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። የ109 ደቂቃ ፊልም በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሲታይ፣ ስም መጥራቱና ዕቃ ማዘጋጀቱ ከየክፍለ ጊዜው 5 ደቂቃ ስለሚወስድ 4 ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። በሳምንት 5 የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላለው ክፍል ሳምንቱ አለቀ ማለት ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ ተማሪ 10 ዓረፍተ ነገር እንኳ ላይናገር ይችላል። በአንጻሩ በደቂቃ 150 ቃል ገደማ የሚነገርበት የ3 ደቂቃ ንግግር 450 ቃላት ይይዛል። ይህ ከአንድ ገጽ ምንባብ አያንስም፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜም በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የ318 ፊልሞች የቃላት ጥናት እንዳሳየው፣ በፊልም ንግግር ውስጥ ካሉት ቃላት 95 በመቶውን ለማወቅ 3,000 ያህል የቃል ቤተሰቦችን (አንድን ቃል ከእርባታዎቹና ከውላጆቹ ጋር እንደ አንድ በመቁጠር) መያዝ ያስፈልጋል። ገና እዚያ ያልደረሰን ተማሪ ሙሉ ፊልም ፊት ማስቀመጥ ሥዕል እያየ ታሪኩን እንዲገምት መተው ነው። መገመት መጥፎ አይደለም፤ የቋንቋ ትምህርት ግን በዚያ አያበቃም።

አንድ ክፍለ ጊዜ በእኛ አሠራር እንዲህ ይሄዳል። መምህሩ 4 ደቂቃ ወስዶ ስለ ቦታውና ስለ ሁኔታው ጥቂት ይናገራል፤ ያለ እነሱ ነገሩ የማይገባ ቃላት ካሉ ከ5 ሳይበልጡ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ቅንጭቡ ድምፁ ጠፍቶ ይታያል። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደተናደደ፣ ማን ለማን አለቃ እንደሆነ 5 ደቂቃ ይነጋገራሉ። ብዙ መምህራን የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ክፍሉ በሙሉ አፉን የሚከፍተው ግን እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ድምፅ ተከፍቶ፣ ሰብታይትል (ንግግሩ ከምስሉ ግርጌ በጽሑፍ የሚታይበት) ሳይኖር፣ ሳይቋረጥ ይታያል፤ ግምቱ ልክ የነበረና ያልነበረ ይለያል፣ 3 ወይም 4 አጠቃላይ ጥያቄዎች ይመለሳሉ። ሦስተኛው ዙር በቁርጥራጭ ነው፦ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እያስኬዱ ማቆም፣ ጠበቅ ያለውን ዓረፍተ ነገር መድገም፣ ማስጻፍ። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል የሚከፈተው በመጨረሻው ዙር፣ ተማሪው የጻፈውን እንዲያርም ነው። የቀረው 8 ደቂቃ ለጽሑፍ ይሁን። ጽሑፉ የቤት ሥራ ከተደረገ ቅንጭቡ ከጆሮ ጠፍቶ የታሪኩ ማጠቃለያ ብቻ ይመጣል።

አሁን ወደ ምሳሌያችን። አዘውትሮ በአውሮፕላን መብረርን የሚነካ አንድ የታወቀ ፊልም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው፣ ጄሰን ራይትማን ያዘጋጀውና ጆርጅ ክሉኒ የተወነበት «አፕ ኢን ዚ ኤር»። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከከተማ ከተማ እየበረረ ለሌሎች ድርጅቶች ሠራተኛ የሚያሰናብት ሰው ነው፤ የሕይወቱ ግብ ደግሞ 10 ሚሊዮን የበረራ ማይል፣ ማለትም አየር መንገድ ለደንበኛው የሚመዘግብለትን ነጥብ፣ ማጠራቀም ነው። ለክፍል የምንመርጠው ሁለት ነገር ስላለው ነው፦ የአየር ማረፊያ እንግሊዝኛ ሞልቶታል፣ ቁጥርም ሞልቶታል። ነገር ግን ፊልሙ በአሜሪካ በጸያፍ ንግግሩና በወሲባዊ ይዘቱ «አር» የሚል የዕድሜ ደረጃ ተሰጥቶታል፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አይየው ማለት ነው። ሙሉውን ለታዳጊዎች መክፈት አይቻልም፤ መምህሩ አስቀድሞ ራሱ አይቶ፣ የሚያሳየውን ክፍል ከመነሻው እስከ መድረሻው በደቂቃና በሰከንድ መዝግቦ ይግባ። «ስደርስበት አሳልፈዋለሁ» የሚል ሰው ሪሞቱን የሚያገኘው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

አንዱን ትዕይንት ጠጋ ብለን እንየው። ወጣቷ ባልደረባው ከእሱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ስትጓዝ ትልቅ ሻንጣ ይዛ ትመጣለች። ሰውየው ሻንጣ ማስመዘን የሚያባክነውን ጊዜ በቃሉ ያሰላላታል፦ በአንድ በረራ 35 ደቂቃ፣ በዓመት 270 የጉዞ ቀን፣ በድምሩ 157 ሰዓት፣ ማለትም 7 ቀን። ንግግሩ ፈጣን ነው፤ ተማሪው 4ቱን ቁጥሮች በጆሮው ብቻ ለመያዝ ሁለት ሦስት ጊዜ መስማት አለበት። ከያዛቸው በኋላ ሒሳቡን ይሥራው። 35 በ270 ሲባዛ 9,450 ደቂቃ፣ ማለትም 157 ሰዓት ተኩል ነው፤ እስከዚህ ትክክል። በ24 ሲካፈል ግን 6 ቀን ተኩል ይሆናል እንጂ 7 አይሞላም። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ቢካፈል ደግሞ ወደ 20 የሥራ ቀን ይጠጋል። ያው ቁጥር እንደ መለኪያው ያንሳል ይበዛል፤ ተናጋሪው ለምን አንዱን መረጠ? ይህ ጥያቄ የንግግር ጥበብ ጥያቄ ነው፣ በእንግሊዝኛም ይመለሳል። በሌላ ቦታ ላይ ይኸው ሰው ባለፈው ዓመት 322 ቀን መንገድ ላይ ነበርኩ ይላል። በ322 ቀን ቢሰላ ኖሮ ወደ 188 ሰዓት ይሆን ነበር፤ የ«ቢሆን ኖሮ» ሰዋስው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ሲገባ ተማሪው የሚናገርበት ምክንያት ያገኛል። ስሌቱ በየጉዞ ቀኑ አንድ በረራ ብቻ እንዳለ መገመቱንም የሚያስተውል ተማሪ አይጠፋም። እሱን ፈልጉት።

እዚያው አጠገብ ያለው የፍተሻ ሰልፍ ትዕይንት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገጸ ባሕርይው ፈጥኖ ለማለፍ ሰልፉን የሚመርጠው ሰዎችን በዘራቸውና በዕድሜያቸው ፈርጆ ነው። በፊልሙ ውስጥ እንደ ቀልድ ይቀርባል፤ ክፍሉም ይስቃል። ቅንጭቡን የሚጠቀም መምህር ሳቁ ካለቀ በኋላ የሚጠይቀውን ጥያቄ በወረቀት ይዞ መግባት አለበት፦ ይህን የሚለው ገጸ ባሕርይው ነው ወይስ ፊልሙ? ሴቲቱ ስትሰማው ፊቷ ምን ይላል? ያልተዘጋጀ መምህር ግን ትዕይንቱን ቢተወው ይሻላል።

ወደ 10 ሚሊዮኑ ማይል እንመለስ፤ ለንባብና ለጽሑፍ ብዙ የሚሰጠው ይህ ነው። 10 ሚሊዮን ማይል 16 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 400 ዙር ያህል ይሆናል። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ሳያቋርጡ ቢበሩ 20,000 ሰዓት፣ ማለትም 2 ዓመት ከ3 ወር ተኩል ገደማ አየር ላይ ይፈጃል። በዓመት 322 ቀን በየቀኑ 1,000 ማይል የሚበር ሰው 10 ሚሊዮኑን ለመሙላት 31 ዓመት ያስፈልገዋል። ታዲያ በፊልሙ ያለው ሰው በዚያ ዕድሜው እንዴት ሊደርስ ቻለ? መልሱን ተማሪዎች ሲፈልጉ የአየር መንገዶች የማይል ፕሮግራም አሠራር ውስጥ ይገባሉ፦ ከፍተኛ ደረጃ ላለው ደንበኛ የሚጨመር ጉርሻ ማይል፣ በክሬዲት ካርድ ግዢ የሚገኝ ማይል፣ በሆቴልና በመኪና ኪራይ የሚመጣ ማይል። የተጠራቀመ ማይልና የተበረረ ማይል አንድ እንዳልሆኑ የሚገባቸው ያኔ ነው።

ነገሩ የፊልም ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላቸው የተመዘገበ ታሪክ አለ። አሜሪካን ኤርላይንስ የማይል ፕሮግራሙን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በዚያው ዓመት በ250,000 ዶላር ዕድሜ ልክ ያለ ገደብ በአንደኛ ማዕረግ የሚያስበርር ቲኬት መሸጥ ጀመረ። ገዢዎቹ ኩባንያው ካሰበው በላይ በመብረራቸው ኪሳራ ሆነበት፣ ጉዳዩም በኋላ ከአንዳንዶቹ ጋር ፍርድ ቤት አደረሰው። ቶም ስቱከር የተባለ የመኪና ሽያጭ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1990 የዩናይትድ አየር መንገድን ተመሳሳይ ቲኬት በ290,000 ዶላር ገዝቶ፣ ፊልሙ ከወጣ ከ2 ዓመት በኋላ በ2011 በዚያው አየር መንገድ 10 ሚሊዮን ማይል ሞላ፤ ከዚያም ከ20 ሚሊዮን አለፈ። በፊልሙ ገጸ ባሕርይው 10 ሚሊዮን ሲሞላ 7ኛው ሰው እንደሚሆን፣ ጨረቃን የረገጡት እንኳ ከዚያ እንደሚበዙ ይናገራል። ጨረቃን የረገጡት ከ1969 እስከ 1972 ባለው ጊዜ 12 ሰዎች ናቸው፤ ይህ ለመፈተሽ ቀላል የሆነ የንጽጽር ዓረፍተ ነገር ነው።

ተማሪው ፊልሙን የዛሬ መመሪያ አድርጎ እንዳይወስደው አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል። ያኔ ማይል የሚቆጠረው በርቀት ስለነበር ርካሽና ረጅም በረራ እየፈለጉ ለማይሉ ብቻ ሄደው በዚያው አውሮፕላን የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ዴልታና ዩናይትድ አየር መንገዶች በ2015፣ አሜሪካን ኤርላይንስ ደግሞ በ2016 ስሌቱን ወደ ተከፈለው ገንዘብ ስላዞሩት ያ ዘዴ ጥቅሙ በእጅጉ ቀነሰ። ያለፈውንና የአሁኑን ጊዜ እያነጻጸሩ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ይገኛል ብለን አናስብም።

ለክርክር ክፍለ ጊዜ የሚሆነው ደግሞ አዘውትሮ መብረር በአካባቢና በጤና ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የነበረውን በረራ ያጠኑ ተመራማሪዎች ቢበዛ 1 በመቶ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ ከመንገደኞች በረራ ከሚወጣው የካርቦን ልቀት ከግማሽ በላዩን ሳያስከትል እንደማይቀር አስልተዋል። በጤናም በኩል የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው የጥናት ውጤት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ወደ እጥፍ ያደርሳል፤ ያም ሆኖ አደጋው ከ6,000 ሰው በአንዱ ላይ ገደማ ነው። «እጥፍ» እና «ከ6,000 አንድ» ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው ያስፈራል? አንዱ ቡድን በመጀመሪያው፣ ሌላው በሁለተኛው ቁጥር አንድ አንቀጽ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ፤ ከዚያ ወረቀት ይለዋወጡ።

ለማዳመጥ ከፊልሙ ሁሉ የላቀው ክፍል የስንብት ትዕይንቶቹ ናቸው። ሥራ ሲያጡ ከምናያቸው ሰዎች አብዛኞቹ ተዋንያን አይደሉም፤ በሴንት ሉዊስና በዲትሮይት የተገኙ፣ በቅርቡ በእርግጥ ከሥራቸው የተሰናበቱ ሰዎች ናቸው። ጽሑፍ ያጠኑት ተዋንያን ዓረፍተ ነገራቸውን ይጨርሳሉ። እነዚህ ግን ይጀምራሉ፣ ያቋርጣሉ፣ ቃል ይደግማሉ፣ መሃል ላይ ሐሳብ ይለውጣሉ። ተማሪ የመማሪያ መጽሐፍ ቅጂ ብቻ ሲሰማ ኖሮ እውነተኛ ሰው ሲያናግረው የሚደነግጠው ይህን ስላልለመደ ነው። ከአንድ ሰው ንግግር 30 ሰከንድ ብቻ ወስዳችሁ፣ ማመንታቱንና ዝምታውን ጭምር እንዳለ አስጽፉ፤ ከዚያ ያንኑ በተስተካከለ የጽሑፍ እንግሊዝኛ ያስቀምጡት። ወላጁ ወይም ዘመዱ በቅርቡ ሥራ ያጣ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሊኖር ስለሚችል መምህሩ ቀድሞ ይወቅ፤ ተማሪው ሌላ ቅንጭብ እንዲሠራ ማድረግ አያስቸግርም።

ፊልሙ የተነሳው ዋልተር ከርን እ.ኤ.አ. በ2001 ካሳተመው ልቦለድ ነው። በመጽሐፉ ግቡ 1 ሚሊዮን ማይል ሲሆን በፊልሙ 10 ሚሊዮን ሆኗል። ልቦለዱ የወጣው አሜሪካ ላይ ከደረሰው የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በፊት ስለነበር ፍተሻው በፊልሙ ያገኘውን ቦታ በመጽሐፉ አትጠብቁ። ለከፍተኛ ክፍሎች ከመጽሐፉ አንድ ገጽና ከፊልሙ አንድ ቅንጭብ ይበቃል።

ሥዕሉም ይነበባል። መጀመሪያ አካባቢ ሰውየው ሻንጣ የሚያዘጋጅበት ክፍል በአጫጭር የቅርብ ቀረጻዎች የተሠራ ነው፤ ዚፕ ይዘጋል፣ ልብስ ይታጠፋል፣ እጀታ ይወጣል፣ ሁሉም በምት። ቀረጻዎቹን ተማሪዎች በጣታቸው እየመቱ ይቁጠሩ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ቀረጻ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በአሁን ጊዜ ይጻፉ። የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት የምስሉን ፍጥነት ሲከተል ምት በጽሑፍ ምን እንደሆነ ያለ ንድፈ ሐሳብ ይገባቸዋል።

ስለ ሰብታይትል ብዙ ክርክር ሰምተናል። በራስ ቋንቋ የተጻፈ ሰብታይትል ታሪኩን ያስረዳል፣ ጆሮን ግን ያሰንፋል። በ2009 በኔዘርላንድ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የአውስትራሊያ ወይም የስኮትላንድ አነጋገር ያለበትን ቪዲዮ በእንግሊዝኛ ሰብታይትል ያዩት አዲሱን አነጋገር መለየት ተሻሻሉ፤ በገዛ ቋንቋቸው ሰብታይትል ያዩት ግን ተሰናከሉ። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ይሁን፣ እሱም በመጨረሻው ዙር። ሰብታይትሉ ከድምፁ ጋር መጀመሪያ ገጥሞ ቀስ በቀስ ከራቀ ችግሩ የፍሬም ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፉት ነጠላ ምስሎች ብዛት፣ ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ላለው ፊልም የተሠራን ጽሑፍ በ25 ፍሬም ቅጂ ላይ ማስኬድ በየደቂቃው 2 ሰከንድ ተኩል ገደማ ያራርቀዋል። ሰብታይትሉን በጥቂት ሰከንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ይህን አይፈታውም፤ ለቅጂው የሚሆነውን ፋይል መፈለግ ይቀላል።

ፊልም በክፍል ውስጥ ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ትልቁ ድምፅ ነው። የላፕቶፕ ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም። ስፒከር ተገዝቶም ሙዚቃው ጮኾ ንግግሩ የሚሰወርበት ጊዜ አለ፤ ቅጂው ባለ 6 መስመር ድምፅ ከሆነ ንግግሩ የሚቀመጠው በመካከለኛው መስመር ስለሆነ ማጫወቻው ወደ ሁለት መስመር ስቴሪዮ መቀየር አለበት። ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ያስተጋባል፤ መጋረጃ ለብርሃን ብቻ ሳይሆን ለማሚቶውም ይረዳል። እንደ ቪኤልሲ ያሉ ነፃ ማጫወቻዎች አንድን ቁራጭ ከመነሻ እስከ መድረሻ ደጋግመው ያስኬዳሉ፣ ፍጥነትም ይቀንሳሉ። ከ0.85 በታች አታውርዱት፤ ከዚያ ወዲያ የድምፁ ዜማ ተበላሽቶ ተማሪው የሚለምደው ማንም የማይናገረውን እንግሊዝኛ ይሆናል።

ከእናንተ የምንፈልገው ገንዘብ የሚጠይቀው ትንሹ ነው፦ ለትምህርት ክፍሉ አንድ ጥንድ ደህና ስፒከር፣ መጋረጃ፣ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ቅጂ። በግል ስም የተከፈተ የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎት ብዙውን ጊዜ በውሉ ለግል ጥቅም ብቻ ስለሆነ መምህሩን በራሱ ሒሳብ እንዲያሳይ አታስገድዱት። ገንዘብ የማይጠይቀው ይበዛል። በየሴሚስተሩ ቢያንስ 4 የቅንጭብ ክፍለ ጊዜዎች በዕቅድ ላይ ይስፈሩ፤ ከፈተና በኋላ ላለው ሳምንት አይተዉ። ሥራው ማርክ ይያዝለት፤ ማርክ የሌለውን ነገር ተማሪም ወላጅም እንደ ጨዋታ ነው የሚያየው። ፈተና ላይ ደግሞ «ፊልሙ ስለምን ነበር?» የሚል ጥያቄ አይውጣ፤ ያልታየ የ1 ደቂቃ ቅንጭብ ሁለት ጊዜ ተሰምቶ የሚመለስ ጥያቄ ይውጣ።

በመጨረሻም እያንዳንዱ መምህር ለተጠቀመበት ቅንጭብ አንድ ገጽ ወረቀት ሞልቶ ለትምህርት ክፍሉ ያስረክብ፦ የፊልሙ ስም፣ መነሻና መድረሻው በሰዓት፣ በደቂቃና በሰከንድ፣ የዕድሜ ደረጃው፣ የተዘጋጁት ጥያቄዎች፣ ክፍሉ የተደናቀፈበት ቦታ። ፋይሉ በተጠሪው ቢሮ ይቀመጥ፤ መምህር ሲቀር ተተክቶ የሚገባው ሰው ሙሉ ፊልም ከመክፈቱ በፊት ከዚያ አንዱን ወረቀት ያንሳ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን